ቀኑ የሕዝብ፣ ሕመሙ የሰውየው፦ መረጃ ሲጠየቅ የሠራተኛን የጤና ምስጢር እንዴት እንጠብቅ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጉዳይ ላስፈጽም አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ ማስታወቂያ ሰሌዳውን ማንበብ ጀመርኩ። የዝውውር ውጤት ተለጥፏል። ስም፣ የነበሩበት ቦታ፣ የተመደቡበት ቦታ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ምክንያት» የሚል ዓምድ። አንዷ ሠራተኛ ስም ፊት ለፊት የሕመሟ ዓይነት ተጽፏል። ስሟ እስከ አያቷ አለ። ሰው እየመጣ በጣቱ እየተከተለ ያነባል፤ አንዱ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳ። ያ ፎቶ ማታ ስንት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ እንደገባ እሷም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ።

ዝርዝሩን የለጠፈው ሰው ክፋት አስቦ አይመስለኝም። «ዝውውሩ በዘመድ ነው» እንዳይባል ሁሉንም ነገር ግልጽ ለማድረግ ነው የፈለገው። ግልጽነት ደግሞ ያስፈልጋል። ግን ተቃራኒውም አለ። ስለ መሥሪያ ቤቱ የሕክምና ወጪ ወይም ስለ ፈቃድ አሰጣጡ ስትጠይቁ «የሠራተኛ የግል ጉዳይ ነው» ተብሎ በሩ ይዘጋባችኋል። የገንዘቡ ድምር እንኳን አይነገራችሁም። ሁለቱም ጥፋት ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በሕዝብ ግንኙነት፣ በሰው ሀብትና በመዝገብ ቤት ለምትሠሩ ሰዎች ነው። የምመራበት ሐሳብ አንድ ነው፦ መሥሪያ ቤቱ የሠራው ነገር የሕዝብ ነው፣ የሠራተኛው ገላ ግን የራሱ ነው። ስንት ቀን ፈቃድ ተሰጠ፣ ማን ፈቀደ፣ ስንት ብር ወጣ፣ ደንቡ ተከብሯል ወይ የሚለው ለሕዝብ ይነገራል። ምን አመመው የሚለው አይነገርም።

መጀመሪያ ሕጉን ጠረጴዛችሁ ላይ አድርጉ

ብዙ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል፤ አንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወት እንዳይደፈር ይጠብቃል። ሁለቱም እኩል ሕገ መንግሥት ናቸው፣ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም።

ዕለት ተዕለት የምትሠሩበት የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። የመገናኛ ብዙኃኑን ጉዳይ በ2013 የወጣው አዋጅ 1238 ወስዶታል፤ መረጃ የማግኘት መብትን የሚመለከተው ክፍል ግን አሁንም ይሠራል። መነሻው «ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለ መረጃ የማግኘት መብት አለው» የሚል ነው፤ ክልከላው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ልዩ ሁኔታ ነው። ከልዩ ሁኔታዎቹ አንዱ አንቀጽ 16 ነው፣ የሦስተኛ ወገን የግል መረጃ። አዋጁ የግል መረጃ ምን እንደሆነ ሲተረጉም የሕክምና ታሪክን በስሙ ጠርቶ አስገብቶታል። ሰው ሲሞትም ጥበቃው ወዲያው አይቀርም፣ 20 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ የሟች ሠራተኛ ማህደር ሲጠየቅ «አሁን ማን ይጎዳል?» ብላችሁ እንዳትሰጡ።

በ2016 ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። የጤና መረጃን ከሌላው የግል መረጃ የበለጠ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ይመድበዋል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅም በ2017 በቁጥር 1353 እንደ አዲስ ስለወጣ ጠረጴዛችሁ ላይ ያለው የድሮው 1064/2010 ከሆነ ቀይሩት። ክልል ላይ ያላችሁ የክልላችሁን አዋጅ አብራችሁ ያዙ።

1. ጥያቄ ከመምጣቱ በፊት ማህደሩን ለሁለት ክፈሉ

ትልቁ ሥራ ይሄ ነው፤ እዚህ ከሠራችሁ ቀሪው ይቀላል። በአብዛኛው መሥሪያ ቤት የሠራተኛ የግል ማህደር አንድ ነው። የቅጥር ደብዳቤ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ አፈጻጸም፣ ቅጣት፣ የሐኪም ወረቀት፣ የወሊድ ፈቃድ፣ የሐኪሞች ቦርድ ውሳኔ ሁሉም በአንድ ገመድ ታስሮ ይቀመጣል። አንድ ሰው የትምህርት ማስረጃ ለማጣራት ማህደሩን ሲያወጣ የሰውየውን የደም ምርመራ ውጤት እያገላበጠ ነው የሚያልፈው።

ስለዚህ የጤና ወረቀቶችን አውጡና በሌላ ፖስታ፣ በሌላ መደርደሪያ፣ በቁልፍ አስቀምጡ። ዋናው ማህደር ውስጥ በቦታው አንዲት ቁራጭ ወረቀት ትግባ፦ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሕመም ፈቃድ ተሰጥቷል፤ ማስረጃው በጤና ማህደር ይገኛል፤ የፈቀደው እገሌ።» በቃ። ኦዲተር ቢመጣ ቀኑንና ፊርማውን ያገኛል፣ ጋዜጠኛ ቢጠይቅ የሚሰጥ ነገር ተዘጋጅቷል፣ ምስጢሩ ግን በቦታው ነው።

ይህ ከእኔ የመነጨ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1990 እንደ እነሱ አቆጣጠር የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ አሠሪ የሠራተኛን የጤና መረጃ በተለየ ቅጽና በተለየ ፋይል እንዲይዝ ያስገድዳል፤ አለቃ የሚነገረው ሠራተኛው ማድረግ የማይችለውን ሥራና ሊመቻችለት የሚገባውን ነው። እዚያ በካውንቲና በከተማ አስተዳደር የምትሠሩ ወገኖች ይህን ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ልብ በሉ ግን። ብዙ ሰው የአሜሪካውን የጤና መረጃ ምስጢር ሕግ ጠቅሶ «ሂፓ ይከለክላል» እያለ የሠራተኛ ጉዳይን ሁሉ ይዘጋል። ሂፓ የሚያስረው ሐኪም ቤቱንና የጤና መድን ድርጅቱን ነው እንጂ አሠሪው በአሠሪነቱ የያዘውን የሠራተኛ ፋይል አይደለም። የተሳሳተ ሕግ ጠቅሶ መከልከል እዚያም ጣጣ ያመጣል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ የቅርብ አለቃ «ለሦስት ወር ከባድ ዕቃ አያነሳም» የሚለውን ነው ማወቅ ያለበት። ወገቡ ይሁን ኩላሊቱ አያስፈልገውም። ሌላም ነገር አለ፦ የማያስፈልጋችሁን አትሰብስቡ። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ከ515/1999 ዘመን አንስቶ ለቅጥር የሚቀርበው የጤና ማስረጃ የኤች አይ ቪ ምርመራን እንደማይጨምር ሲናገር ኖሯል። እጃችሁ ላይ የሌለ ወረቀት አያፈስም።

2. ጥያቄው ሲመጣ ጠያቂው ምን ማወቅ እንደፈለገ አጣሩ

እንበል አንድ ጋዜጠኛ «ያለፉት ሁለት ዓመታት የሕመም ፈቃድ ወረቀቶች በሙሉ ይሰጡኝ» ብሎ ጻፈ። የመጀመሪያው ስሜት «አይሆንም!» ነው። ቆይ። ስልክ አንሱና አናግሩት። «ምን ለማጣራት ነው?» ስትሉት እንደ ምርመራ እንዳይሰማው በደንብ አስረዱት፤ ምክንያት ባይነግራችሁም ጥያቄውን መመለስ ግዴታችሁ ነው፣ የምትጠይቁት የሚጠቅመውን ለመስጠት ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ «ባለጉዳይ ሲመጣ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ፈቃድ ያለ አግባብ ይሰጣል ወይ?» ዓይነት ነው።

ለዚህ ጥያቄ ደግሞ የማንም የሐኪም ወረቀት አያስፈልግም። በየሥራ ክፍሉ ስንት ቀን ተሰጠ፣ ስንቱ ማስረጃ ቀረበለት፣ ስንቱ ያለ ማስረጃ ታለፈ፣ ስንቱ ውድቅ ሆነ፣ ማን ፈረመ። ይህን በአንድ ሠንጠረዥ ሠርታችሁ ብትሰጡት ከ300 የሐኪም ወረቀት የበለጠ ዜና ያገኛል። በርግጥ «አይ፣ ወረቀቱን ራሱን ነው የምፈልገው» ካለ መብቱ ነው፤ ወደሚቀጥለው እለፉ። የገባበትን ቀን ግን ያዙ፤ አዋጅ 590/2000 የሚሰጣችሁ ቢበዛ 30 ቀን ነው፣ ከዚያ በላይ ለማራዘም በቂ ምክንያት በጽሑፍ ያስፈልጋል።

3. ወረቀቱን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ለዩ

አንድ ሰነድ ውስጥ የተጠበቀ ነገር ስላለ ሰነዱ በሙሉ አይቀበርም። የሚሸፈነው ተሸፍኖ ቀሪው ይሰጣል።

ከሚሰጠው ልጀምር። የፈቃዱ ቀን ብዛት፣ የፈቀደው ኃላፊ ስምና ፊርማ፣ ገንዘቡ ከየትኛው በጀት እንደወጣ፣ የትኛው መመሪያ እንደተጠቀሰ፣ ቅሬታ ቀርቦ ከሆነ ምን ተወሰነ። የሚሸፈነው ደግሞ የሕመሙ ዓይነት፣ መድኃኒቱ፣ የላቦራቶሪ ውጤቱ፣ የካርድ ቁጥሩ፣ የእርግዝና ነገር፣ የቤተሰብ ሕመም።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው፤ የሕመሙን ዓይነት በደንብ ሸፍኖ ማኅተሙን ይተወዋል። የአማኑኤል ሆስፒታል ማኅተም ያለበት ወረቀት ሌላ ቃል አያስፈልገውም፤ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ «የአእምሮ» ብሎ ያነበዋል። ቅዱስ ጴጥሮስ ሲባል ሰው ሳንባ ያስባል፣ አለርት ሲባል ቆዳ። ግምቱ ልክ ላይሆን ይችላል፤ አለርት ዛሬ ብዙ ዓይነት ሕክምና ይሰጣል። ለሠራተኛው ግን የተሳሳተ ወሬም ያው ወሬ ነው። ስለዚህ የሆስፒታሉ ስም፣ አርማው፣ ማኅተሙ፣ የሐኪሙ ስምና የሙያ ዘርፍ አብረው ይሸፈኑ። ፋርማሲ ደረሰኝ ላይም እንዲሁ፣ ብሩ ይታይ፣ የመድኃኒቱ ስም አይታይ።

ሌላው ደብዳቤ ነው። «ባለባቸው የስኳር ሕመም ምክንያት ወደ ቀላል ሥራ ተዛውረዋል» ብሎ የሚጽፍ የሰው ሀብት ባለሙያ አለ፤ ግልባጩም ለስድስት ክፍል ይሄዳል። ከዛሬ ጀምሮ «በቀረበው የሐኪም ማስረጃ መሠረት» ብላችሁ ጻፉ። የዝውውር ዝርዝርም እንዲሁ፦ «ምክንያት» የሚለውን ዓምድ «የተሟላ መስፈርት» አድርጉትና «በተራ ቁጥር 3 መሠረት» በሉ። መስፈርቶቹን ደግሞ ለብቻ ለጥፉ፣ ግን አንዱ ተራ ቁጥር ጤናን ብቻ ከያዘ ምንም አልሸፈናችሁም። ጤናን፣ የትዳር ጓደኛ መኖሪያንና ሌላውን ማኅበራዊ ችግር በአንድ ቁጥር ሰብስቡት። ተጠራጣሪ ሰው ቢመጣ ማስረጃው መቅረቡን ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ አይቶ ያረጋግጥለታል።

4. ሠራተኛውን ጠይቁት

በስሙ የመጣ ጥያቄ ከሆነ ይወቅ። ሰው ስለ ገዛ ሕመሙ ከጋዜጣ መስማት የለበትም። በጽሑፍ አሳውቁት፣ ምን እንደተጠየቀ ንገሩት፣ አስተያየቱን ተቀበሉ። ፈቃዱን ከሰጠ መስጠት ይቻላል፤ ግን ፈቃዱ ለየትኛው ወረቀት እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍ፣ አለቃው ፊት ቆሞ በመሸማቀቅ የተሰጠ ፈቃድም ፈቃድ አይባልም። ካልፈቀደ ጉዳዩ አላለቀም፣ ውሳኔው አሁንም የእናንተ ነው።

5. የሕዝብ ጥቅም ሲመዝን

አዋጅ 590/2000 የሕዝብ ጥቅም ከሚደርሰው ጉዳት ሲበልጥ የተጠበቀ መረጃም ሊወጣ እንደሚችል ይፈቅዳል። ይህ በር ጠባብ ነው፣ ግን አለ። በጥንቃቄ መታየት ያለበት ሰውየው የያዘው ቦታ ነው።

የመንግሥት መኪና ይዞ ሰው የገጨ ሹፌር እንውሰድ። ሕዝብ የሚጠይቀው «መሥሪያ ቤቱ ለማሽከርከር ብቁ መሆኑን አጣርቶ ነበር ወይ?» ነው። መልሱ ማስረጃ ተጠይቆ እንደነበር፣ መቼ እንደቀረበ፣ ማን እንደተቀበለ፣ ሐኪም ገደብ ጽፎ ከነበረ ገደቡ ተከብሮ እንደነበር ነው። ይህ ሁሉ ይውጣ። የሚጥል በሽታ ይሁን የዓይን ችግር መግለጽ ሳያስፈልግ የመሥሪያ ቤቱ ጥፋት ወለል ብሎ ይታያል።

ከፍተኛ ባለሥልጣን ሲሆን ሚዛኑ ይለወጣል። በ2004 ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሳይታዩ ቀሩ። አገር ሁሉ በወሬ ታመሰ። ታመው ፈቃድ ላይ እንደሆኑ ተነገረ፣ ዝርዝሩ ግን አልተገለጸም፤ ነሐሴ 15 ቀን ማረፋቸውን ሰማን። በእኔ እምነት እንዲህ ባለ ጊዜ ሕዝብ የማወቅ መብት ያለው ሦስት ነገር ነው፦ መሪው ሥራቸውን መሥራት ይችላሉ ወይ፣ ካልቻሉ ማን ተክቷቸዋል፣ እስከ መቼ። የሕመሙን ስም ሳይናገሩ ይህን መመለስ ይቻል ነበር። ይህን ለመሪ ካልኩ ደግሞ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ እጥፍ ድርብ እላለሁ፤ የእሷ ሕመም አገር አያናጋም፣ እሷን ግን ጎረቤት ፊት ያሳፍራታል።

6. ሽፋኑን በትክክል ሸፍኑ

በማርከር አጥቁራችሁ ዋናውን አትስጡ። ብርሃን ላይ ሲያዝ ይነበባል። ኮፒ አድርጉ፣ ኮፒውን አጥቁሩ፣ የጠቆረውን እንደገና ኮፒ አድርጉና እሱን ስጡ። ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ደግሞ ፒዲኤፍ ላይ ጥቁር ሳጥን መሳል መሸፈን አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ተመርጦ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ ሙሉው ይወጣል። ቀላሉ መንገድ ማተም፣ ማጥቆር፣ መልሶ ስካን ማድረግ ነው። ኤክሴል ላይ የተደበቀ ዓምድ በሁለት ክሊክ ይከፈታል፣ ስለዚህ አትደብቁት፣ በአዲስ ፋይል የሚሰጠውን ብቻ ገልብጡ። የፋይሉን ስምም እዩ። ውስጡ ንጹሕ ሆኖ ስሙ «የእገሊት የቦርድ ውሳኔ» የሚል ፋይል ተልኮ አይቻለሁ።

7. ትንሽ ቁጥር ስም ነው

ስም አወጣን ብላችሁ አትዘናጉ። እንበል መሥሪያ ቤቱ 60 ሠራተኛ አለው፣ ፋይናንስ ውስጥ ያሉት 4 ናቸው። ሠንጠረዡ «ፋይናንስ፦ 1 ሠራተኛ፣ 94 ቀን» ካለ ሻይ ቤቷ ሳትቀር ማን እንደሆነ ታውቃለች። እኔ የምመክረው ከ5 ሰው በታች የሆነ ቁጥር ለብቻው እንዳይወጣ ነው፤ ትናንሽ ክፍሎችን አዋሕዱ ወይም ዓመቱን በሙሉ ደምሩ። አንዱን ሣጥን ብቻ ባዶ አድርጋችሁ ጠቅላላ ድምሩን ብትተዉት ግን ቀንሶ ማግኘት ይቻላል፣ ያንንም አስቡበት። የዘንድሮውንም ከመስጠታችሁ በፊት አምና ለሌላ ሰው የሰጣችሁትን አውጥታችሁ ጎን ለጎን እዩ።

8. መልሱን ጻፉ

«አይቻልም» የሚል የቃል መልስ ማንንም አያድንም። እንዲህ ያለ ጻፉ፦

«ስለ ሕመም ፈቃድ አሰጣጥ ላቀረቡት ጥያቄ፣ በበጀት ዓመቱ የተሰጡ ቀናት በሥራ ክፍል ተደምረው በአባሪው ቀርበዋል። ፈቃዱን ያጸደቁ ኃላፊዎች ስምም ተካቷል። የሐኪም ማስረጃዎቹ የሠራተኞችን የጤና ሁኔታ ስለሚገልጹ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 አንቀጽ 16 መሠረት አልተያያዙም። በዚህ ካልተስማሙ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ በዚያም ካልረኩ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይግባኝ ማቅረብ ይችላሉ።»

የሰጣችሁትን፣ የከለከላችሁትን፣ የለያችሁበትን ምክንያት አንድ መዝገብ ላይ ያዙ። እንባ ጠባቂ ወይም ፍርድ ቤት ሲጠይቅ የምትከራከሩት በእሱ ነው። ኦዲተር፣ መርማሪ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ የመጣ ሰው እንደ መረጃ ጠያቂ አይታይም፣ በሥልጣኑ ያያል፤ ያኔም ሥልጣኑ የሚፈቅድለትን ወረቀት አሳዩት እንጂ መደርደሪያውን አትክፈቱለት።

አንዴ አምልጦ ከሆነ

ዝርዝሩ ተለጥፎ ከተገኘ መጀመሪያ አንሱት፣ ክርክሩ በኋላ ይደርሳል። ቴሌግራም ቻናላችሁ ላይም ካለ አጥፉት። ከዚያ ሠራተኛዋን ቢሮ ጠርታችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ፣ ምን እንደወጣና ለስንት ሰዓት እንደቆየ ንገሯት፣ ይቅርታ ጠይቁ፣ በጽሑፍም ስጧት። የሕክምና ባለሙያ በሙያው ያወቀውን ምስጢር ሲያወጣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 እንደሚጠየቅ አስታውሱ፤ በመሥሪያ ቤታችሁ ክሊኒክ ያለች ነርስም በዚህ ትታያለች፣ ስለዚህ ሰው ሀብት ደውሎ «እገሊት ምን ሆና ነው?» ሲላት «ማስረጃው ላይ ያለው የእረፍት ቀን ነው» ብላ ስልኩን መዝጋት እንደምትችል አስቀድማችሁ ንገሯት።